የ«አረንጓዴው» አፓርታማ ግምገማ፦ ከፊት ያለውን ሣር ተዉት፣ ከጀርባ ያለችውን ጥግ እዩ

ውጤቱን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ከአምስት ሦስት። አንዱ ነጥብ ለሶላር ሻወሩ ነው። አንዱ ለኮሪደሩና ለድንጋይ ሥራው። ሦስተኛው ደግሞ አልሚው ረስቷት ለቀረች ቁራሽ መሬት። እሷን ቆይቼ በደንብ አወራታለሁ።

የግቢውን ስም አልጠራም። ከሲኤምሲ ወደ አያት ስትሄዱ ግራና ቀኝ ከበቀሉት ግቢዎች አንዱ ነው ብላችሁ ያዙት። አራት ብሎክ፣ እያንዳንዱ ዘጠኝ ፎቅ፣ መሐሉ ላይ ሰፊ ሣር። በሩ ላይ የተሰቀለው ባነር «ከተፈጥሮ ጋር ይኑሩ» ይላል። ባነሩ ላይ አንዲት ወፍ አለች፤ ትልቅ ቢጫ መንቁር ያላት። ቱካን ናት። ቱካን የምትኖረው በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል፤ ለባነር የምትሆን አንዲት ጠፍታ ነው?

እኔ የሳይት መሐንዲስ ነኝ። የምከራየው ባለ ሁለት መኝታ ቤት ነው። ኪራዩ ከሰፈሩ ተመሳሳይ ቤት ይበልጣል፤ ምክንያቱን ስጠይቅ «አረንጓዴ ስለሆነ ነው» ተባልኩ። እናቴ ለሕክምና ከደብረ ታቦር መጥታ አብራኝ ናት። ዛፍ በማወቅ አጠገቧ አልደርስም። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ሲሚንቶና ስለ ውሃ የተባለው የኔ ነው። ስለ ዕፅዋት የተባለው አብዛኛው የሷ ነው።

ከመግባቴ በፊት የሽያጩን ልጅ «አረንጓዴ ያሰኘው ምንድን ነው? ሰርተፍኬት አለው?» አልኩት።

«በሂደት ላይ ነው እህቴ።»

«የትኛው?»

«ኤጅ።»

ኤጅ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲ ያወጣው የሕንፃ መመዘኛ ነው። ሕንፃው በአካባቢው ከተለመደው አሠራር ጋር ይነጻጸርና በኃይል ቢያንስ 20 በመቶ፣ በውሃ 20 በመቶ፣ የግንባታ ዕቃውን ለማምረት በሚፈጀው ኃይል (አሁን አሁን በሚወጣው ካርቦን) ደግሞ 20 በመቶ መቆጠብ አለበት። ቀላልና ለእኛ ዓይነት አገር የሚሆን መመዘኛ ነው፤ አልጠላውም። ግን ስለ ዛፍ አይጠይቅም። ስለ ወፍ አይጠይቅም። መሬቱ ላይ ድሮ ምን ነበር፣ ምን ተቆረጠ፣ አያገባውም። ሊድ የሚባለው የአሜሪካኖቹ መመዘኛ ቢያንስ የቦታውን ተፈጥሮ ላቆየ ወይም መልሶ ላለማ ነጥብ ይሰጣል። እና ባነሩ ላይ ያለውን ቃል ኤጅ ቢመጣም አያረጋግጠውም። ይሄን ለልጁ ነገርኩት። በትሕትና ሰማኝና ሣሩን አሳየኝ።

እንግዲህ ስለ ሣሩ።

1,500 ካሬ ሜትር ይሆናል። ያምራል። ፎቶ ላይ የበለጠ ያምራል። ዙሪያውን ፓልም ተተክሏል፤ ወፍ ሲያርፍበት አላየሁም። ሣሩ ላይ መሄድ ክልክል ነው የሚል ታፔላ አለ፤ ስለዚህ ልጆቹ የሚጫወቱት መኪና መውጫው ላይ ነው። እሱም ይሁን። እኔን ያቃጠለኝ ውሃው ነው። አዲስ አበባ በበጋ ፀሐይዋ ቀልድ አይደለም። እንዲህ ያለ ሣር እንዳይደርቅ በካሬ ሜትር በቀን ወደ 4 ሊትር ይፈልጋል። አባዙት፤ በየቀኑ 6,000 ሊትር። ባለ አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ ስድስት ማለት ነው፣ በየቀኑ፣ ለሣር።

የሰፈራችን ቧንቧ ደግሞ በፈረቃ ነው። ስለዚህ ግቢው የራሱን ጉድጓድ ቆፍሯል። ጎረቤቱ ግቢም ቆፍሯል፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውም። ከተማዋ የለገዳዲ፣ የድሬና የገፈርሳ ግድቦች አልበቃ ብለዋት የአቃቂን የከርሰ ምድር ውሃ ስትጠጣ ኖራለች። የከርሰ ምድር ውሃ የሚተካው ዝናቡ ወደ መሬት ሲሰርግ ነው። ግቢያችን ደግሞ ከሣሩና ከጀርባ ካለችው ጥግ በቀር ሁሉም ቦታ ወይ ኮንክሪት ወይ ድንጋይ ወይ ጡብ ነው። ከታች እንስባለን፣ ከላይ እንዘጋለን።

ጥር ላይ ፓምፑ ተበላሸ። ቦቴ መጣ። የላይኛው ፎቅ ሰዎች ሊፍት ሲጠፋ በደረጃ ጀሪካን ይዘው ይወጣሉ። በዚያው ሰዓት አትክልተኛው ሣሩን ያጠጣል። ልጁን አትውቀሱት፤ ታዝዞ ነው። «ሣሩ ከደረቀ ከደመወዜ ይቆረጣል ኢንጂነር» አለኝ። ሰው ቢደርቅስ? እሱን አልጠየቅኩትም።

አሁን የመሐንዲስ ስሌት ፍቀዱልኝ። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። የአራቱ ብሎክ ጣሪያ ሲደመር 2,000 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በዓመት 2.2 ሚሊዮን ሊትር። አንድ አምስተኛው ጠፋ እንበል፤ 1.76 ሚሊዮን ይተርፋል። ይሄ ሁሉ በአሸንዳው ወርዶ በቀጥታ ወደ አስፋልቱ ይለቀቃል። ክረምት ላይ ከታች ያለው ሰፈር በጎርፍ ሲቸገር የኛም ድርሻ አለበት።

ታዲያ ለምን አይጠራቀምም? እዚህ ጋ አልሚውን በጭፍን አልወቅስም። ሣሩን አምስት ወር ሙሉ ለማጠጣት 900 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ያን የሚይዝ ታንከር ከመሬት በታች መሥራት ብዙ ፌሮና ብዙ ሲሚንቶ ይበላል። ዋጋው ቀላል አይደለም። ግን 100 ሜትር ኩብ የሚይዝ ታንከር ለመጸዳጃ ቤትና ለመኪና ማጠቢያ ክረምቱን በሙሉ ይሠራል፤ ዝናቡ በየጊዜው ይጨምርበታላ። ሣሩን ደግሞ ግማሽ ማድረግ ነው። የቀረውን ግማሽ ውሃ የማይለምን የኛው ቁጥቋጦ ይተከልበት። ስለ እሱ እናቴ ታውቃለች።

ወደ ሕንፃው። ጥሩውን ልናገር። ኮሪደሩ በሁለቱም ጫፍ ክፍት ነው፤ ነፋሱ ይዘልቃል፣ ቀን መብራት አያስፈልግም። ደረጃው ሰፊ ስለሆነ እስከ አምስተኛ ፎቅ ሰው በእግሩ ይወጣል። መሠረቱ ሲቆፈር የወጣውን ጥቁር ድንጋይ አላስጣሉትም፤ በሱ የድጋፍ ግንብና የእግር መንገድ ሠርተውበታል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ የምሠራበት ሳይት የወጣውን ድንጋይ በገልባጭ እያስጣለ ሌላ ድንጋይ በገልባጭ የሚያስመጣ ነው።

መጥፎው መስታወቱ ነው። ሁለቱ ብሎኮች በምዕራብ በኩል ከላይ እስከ ታች መስታወት ለብሰዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። ግድግዳ በወጉ ከተሠራ ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር አያስፈልግም። እነዚህ ብሎኮች ውስጥ ግን ከሰዓት በኋላ ሳሎን መቀመጥ አይቻልም፤ ሰዉ ኤሲ እያስገጠመ ነው። ችግር የሌለበት ቦታ ችግር ገዝቶ ማስገባት ይሉሃል ይሄ ነው። ወፎቹም ዋጋ ይከፍላሉ። መስታወቱ ሰማዩን መልሶ ያሳያል፤ እርግብ ሰማይ መስሏት ትበርና ትላተማለች። ጽዳቶቹ ጠዋት ጠዋት ያነሳሉ።

ስለ ሲሚንቶም አንድ ነገር። ሲሚንቶ ሲመረት ከሚወጣው ካርቦን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ነው፤ ድንጋዩ ሲቃጠል ይለቀዋል። ፋብሪካው በምንም ኃይል ቢሠራ ያ አይቀርም። በዚህ በኩል ፑሚስ (ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የተቀላቀለበት ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ ከተራው ሲሚንቶ ከኦፒሲ ይሻላል፤ ፑሚሱ በተፈጥሮ እሳተ ገሞራ ያበሰለው ነውና ክሊንከሩን፣ ማለትም ከተቃጠለው ድንጋይ የሚገኘውን የሲሚንቶ ክፍል፣ ይቀንሳል። ብሎኬቱም በፑሚስ ቢሠራ ይቀላል፣ ሙቀት አያስገባም። የኛ ግቢ ብሎኬት ፑሚስ ነው። ይሄን ማስታወቂያው ላይ አልጻፉትም። የሚኮራበትን ትቶ በቱካን ይኮራል።

ኃይልን በተመለከተ ብሮሹሩ «በታዳሽ ኃይል የሚሠራ» ይላል። እውነት ነው። የቀበሌ ቤትም በታዳሽ ኃይል ነው የሚሠራው! የአገሪቱ መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው የሚመነጨው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ሲጨመርበትማ ምኑ ይወራል። ግቢው የራሱ ብሎ ያመጣው ነገር ጄኔሬተሩ ነው፤ እሱ ደግሞ በናፍጣ ይሠራል። ከዚህ የሚለየው ጣሪያው ላይ ያለው የሶላር ውሃ ማሞቂያ ነው። እሱን ከልቤ አመሰግናለሁ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ቦይለር አልነካም። ሐምሌና ነሐሴ ብቻ ማታ ማታ መብራቱ ያግዘዋል። የካርድ ቆጣሪዬ ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ያው የምጣዱ ፍጆታ እንዳለ ነው፤ እሱን ምንም ሶላር አይችለውም።

አሁን ወደ ዛፎቹ።

ብሮሹሩ «በአገር በቀል ጽድ የተከበበ ግቢ» ይላል። እናቴ በመጣች ማግስት አጥሩን እየዞረች አየችና ሳቀች። «ይሄ እኮ የፈረንጅ ጽድ ነው» አለች። አትክልተኛው ሰማትና ቀረበ።

«ጽድ አይደለም እንዴ እማማ?»

«ጽድስ ጽድ ነው ልጄ። የኛው ግን አይደለም። ፍሬውን እየው።»

ፍሬውን አየነው። እንደ እንጨት የደረቀ ድብልብል ነገር ነው። የሐበሻ ጽድ ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። የፈረንጁ ጽድ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና አካባቢዋ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ለአጥር ይመቻል፣ ርካሽ ነው፤ በዚህ ማንም አይከስሰውም። ግን የሚበላ ፍሬ የለውም። የሐበሻው ጽድ ፍሬ ግን ቀለብ ነው። አረንጓዴዋ ትንሽ በቀቀን፣ ወንዱ ግንባሩ ላይ ቀይ ያለበት፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የማትገኘው፣ እሱን ትወዳለች። ለሷ የፈረንጅ ጽድ ያለበት አጥር ባዶ መሶብ ነው።

እዚህ ላይ ለባሕር ዛፍ አንድ ቃል፣ ሁልጊዜ ስለሚሰደብ። አዲስ አበባ በአፄ ምኒልክ ጊዜ ማገዶ አልቆባት ነበር። ንጉሡ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ግንባታ እስከ መጀመር ደርሰው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ደረሰና ከተማዋ ባለችበት ቀረች። ዛሬም ይህ ግቢ ራሱ ሲሠራ ሶሌታውን (የፎቁን የኮንክሪት ወለል) የተሸከመው የባሕር ዛፍ አጠና ነው። ስለዚህ የውጭ ዛፍ ሁሉ ይነቀል አልልም። የሜክሲኮውን ተክሎ የአገር ነው ብሎ መሸጥ ነው ያስቆጣኝ።

በየክረምቱ ግቢው ችግኝ ይተክላል። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ሲጀመር በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ድርጅት ሐምሌ ላይ አካፋ ይዞ ፎቶ ካልተነሳ የሠራ አይመስለውም። የኛም ግቢ ሠራተኞች ቲሸርት ለብሰው ተከሉ። አትክልተኛው በጆሮዬ ነገረኝ፤ ጉድጓዱ ያምናው ነው፣ የያኔው ችግኝ ስለደረቀ አዲስ መቆፈር አላስፈለገም።

እና አሁን ወደ ጥጓ። ከሦስተኛው ብሎክ ጀርባ መሬቱ ወደ ጅረቷ ይዘቀዝቃል። ቁልቁለቱ ለግንባታ አልመቸም። አጥር ተደርጎባት ተረሳች። ግማሽ የእግር ኳስ ሜዳ ብትሆን ነው። የግንባታው ጊዜ ትርፍራፊ ብሎኬት እስካሁን እዚያ ተከምሯል። ማስታወቂያው ላይ የለችም፤ ሽያጩ ሰው ሲያስጎበኝ በዚያ በኩል አያሳልፍም።

እናቴ ግን በሩ ክፍት ሆኖ ስታገኘው ገባች። ቆይታ ስትመለስ ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር። «ወይራ አለ!» አለች። ሦስት ትልልቅ ወይራ። አንዱን ሁለት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። ወይራ በጣም ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ እንዲህ የወፈረ ወይራ የዛሬው አልሚ አያት ሳይወለድ የበቀለ ነው። ሁለት የሐበሻ ጽድ አለ። ኮርች አለ፣ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ በቀይ አበባ ብቻ የሚቆመው። ኮርች ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይበቅል ዛፍ ነው። ከሥር ግራዋ፣ አጋም፣ ቀጋ። ድንጋዩ ላይ እንዶድ ተጠምጥሟል።

እናቴ የምታያቸው በሥራቸው ነው። ግራዋው ለጠላ ጋን ማጠቢያ፣ ወይራው ለጢስና ለመፋቂያ፣ እንዶዱ ለጋቢ ማጠቢያ። እኔ ደግሞ እንዶድን ሳይ ትዝ የሚለኝ ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ማየታቸው ነው መነሻው። እንዶድ ቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያወቁት እንዲህ ነው። የግቢያችን አስተዳደር ባለፈው ወር አጥሩ ላይ የወጣውን እንዶድ «አረም» ብሎ አስቆርጦታል።

ጠዋት ጥጓ ጋ ቁሙ። መንቁረ ወፍራሙ ቁራ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው፣ ወይራው ጫፍ ላይ ይጮሃል። ኮርቹ ሲያብብ ረጅም ቀጭን መንቁር ያላቸው የአበባ ማር የሚመጡ ወፎች ይረባረቡበታል። አንገታቸው ላይ ነጭ አንገትጌ ያላቸው እርግቦች አሉ። በቀቀኖቹን ያየሁት ጽዱ ላይ ነው፤ አራት ሆነው ፍሬ ይለቅማሉ። ከሠላሳ እርምጃ ወዲህ ያለው 1,500 ካሬ ሣር ላይ ግን ዝም ነው። ሁለቱ ቦታ አንድ ዝናብ፣ አንድ አፈር ነው። ልዩነቱ ጥጓን ማንም አላስዋባትም። ማንምም አያጠጣትም፤ አንድ ሊትር የጉድጓድ ውሃ ሳትጠጣ በጋውን ታልፋለች።

የሰሜን ሰው ይሄ አይገርመውም። በደብረ ታቦር ዙሪያ ገጠሩ ታርሶ አልቆ ጽድና ወይራ የቀረው በየደብሩ አጸድ ነው። ከሩቅ ስታይ አረንጓዴ ክብ ካየህ ቤተክርስቲያን አለ ማለት ነው። እናቴ «እነሱ እንኳ ለታቦቱ ብለው ነው ያቆዩት፣ እናንተ ደግሞ ቁልቁለት ስለሆነባችሁ» አለችኝ። እኔን የአልሚው ወገን አድርጋ መቁጠሯ ትንሽ ከንክኖኛል።

ሌላ ቅሬታ፤ አደይ። የፊቱ ሣር ጠርዝ ላይ አደይ ራሱን ችሎ ይበቅላል። በየሳምንቱ በማሽን ይታጨዳል፤ ነሐሴ ላይ ሊያብብ ሲል ጭምር። መስከረም አንድ ቀን ልጆቹ አበባ ፍለጋ ከግቢ ውጭ ወጡ። በር ላይ ከሚሸጡት ገዛን። ከተፈጥሮ ጋር የሚኖር ሰው አደይ ይገዛል? ለአስተዳደሩ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስቀል ጠርዙን ብቻ ተዉት አልኩ። ወጪ የለውም፣ እንዲያውም ነዳጅ ይቆጥባል። መልሱ «ግቢው ያልተጠበቀ ይመስላል» ሆነ።

ቆሻሻውን ባጭሩ። ሦስት ቀለም ያለው ማጠራቀሚያ አለ። ፕላስቲኩ ለብቻ፣ ወረቀቱ ለብቻ፣ የምግብ ትራፊው ለብቻ። እናቴ በጥንቃቄ ትለያለች። ከዚያ አንድ መኪና ይመጣና ሦስቱንም አንድ ላይ ይገለብጣል። ያልተለየ ቆሻሻ ተከምሮ ምን እንደሚያደርግ ይቺ ከተማ መጋቢት 2009 ቆሼ ላይ አይታለች፤ ከ110 በላይ ሰው ነው የሞተው። ፕላስቲክና ቆርቆሮ የሚለየው እውነተኛ ባለሙያ ቆራሌው ነው። እሱ ግን «የግቢውን ደረጃ ያበላሻል» ተብሎ በር ላይ ይመለሳል። ጥበቃዎቹ ልባቸው ደግ ነው፤ ጠርሙሱን ሰብስበን ለነሱ እንሰጣለን፣ እነሱ ለቆራሌው ይሸጣሉ። አሠራሩ እንዲህ በጓዳ በር እየሄደ ነው።

አሁን ደግሞ ሥጋቱ። ጥጓ ላይ ተጨማሪ ፓርኪንግ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ አለ። ወሬ ብቻ አይደለም፤ ቀያሾች መጥተው ችካል ተክለዋል። መሬቷ የጋራ ይዞታ ናት። በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት በጋራ ንብረት ላይ የሚመክረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። እኔ ተከራይ ነኝ፤ ድምፅ የለኝም። አከራዬ ደግሞ ዱባይ ናት። ደውዬ አስረዳኋት። «ፓርኪንግ ቢጨመር ኪራዩ ይጨምራል እንዴ?» አለችኝ። አይጨምርም፣ እንዲያውም ከሦስተኛው ብሎክ መስኮት የሚታየው ወይራ ነው ለቤቱ ዋጋ የሚሰጠው አልኳት። እሱን ሰማችኝ። ለሦስት ጎረቤቶችም በዚሁ ቋንቋ ነገርኳቸው። ስለ በቀቀን ከጀመርኩ ማንም አይሰማም። ቁልቁለቱ ላይ ሙሊት ሞልቶ ግንብ መሥራት ስንት እንደሚፈጅ፣ ዛፎቹ ሲነሱ አፈሩ ክረምት ላይ ወዴት እንደሚሄድ በወረቀት ሠርቼ ሰጠኋቸው። ሥራዬ ነውና።

ማኅበሩ ገና አልወሰነም። ጥጓ ከተቆረጠች ይህ ግቢ በኔ ሒሳብ ጥሩ ሻወር ያለው ተራ አፓርታማ ነው፤ «አረንጓዴ» ተብሎ የሚጨመርበት ኪራይም አይገባውም።

ለመከራየት ያሰባችሁ ካላችሁ፦ ሦስተኛው ብሎክ፣ የምሥራቅ ፊት፣ ከአምስተኛ ፎቅ በታች ያዙ። ፀሐዩ ጠዋት ይገባል፣ ከሰዓት አይጠብሳችሁም፣ ሊፍት ሲጠፋም አትቸገሩም። መስታወት የለበሱትን ሁለት ብሎኮች እለፏቸው፤ ኤሲ ተገጥሞላቸዋል ቢሏችሁም እለፏቸው። ቤት ስታዩ ሣሩን ሲያሳይዋችሁ እሺ በሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የጣሪያው ውሃ ወዴት ይሄዳል፣ ጉድጓዱ በበጋ ስንት ሰዓት ይሠራል፣ እዚህ መሬት ላይ ከግንባታው በፊት የነበረ ዛፍ አንድ እንኳ ቀርቷል ወይ። እኔ ስጠይቅ ለሦስተኛው መልስ ያገኘሁት ከሽያጩ ሳይሆን ከአትክልተኛው ነው፤ ካገኛችሁት ከሱ ጀምሩ። ደግሞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በቁራ ጩኸት መነሳት የማይስማማችሁ ከሆነ አንደኛው ብሎክ ጸጥ ይላል፤ ኪራዩም ትንሽ ቀነስ ያለ ነው።